ሦስት ጭረት

ከቤት ጃን ቁልቁል ሲል የሜሮን ትከሻ፣
ጭጋግ ነው የኅዳር፣ የመንገድ መነሻ።
ነዋፍ ነጩን ያዘ፣ እኔ አረንጓዴውን፣
ሁለት ብሩሽና ሽቦ መፈግፈጊያውን፣
የሚስቱን ቋጠሮ፣ ቂጣና ወይራውን።

ሥራችን ቀላል ነው። ድንጋይ እናጥባለን፣
ሽበቱን በሽቦ ፍቀን እናነሣለን፣
ሦስት ጭረት አጋድመን ጣት እናስመስላለን፤
ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ።
መንገደኛ አይቶት «አልጠፋሁም» ይላል፤
ቀቢውን ቢያገኘው ውሃ ይለምናል።

ተራራው ከፍ አለ ብሎ የሚኮራ የለም፤
ጫፉ የወታደር ነው፣ ማንም አይወጣበትም፤
መንገዳችን ዙሪያውን ይዞረዋል እንጂ አይነካው፣
እንደ ትልቅ ሰው ወንበር፣ ሁሉ ትቶት እንደሚያልፈው።

ዛፉ ረጅም አይደል። በሉጥ ነው፤ ግትር ነው፤
ፍየል የጋጠው ነው፣ መጥረቢያ ያወቀው ነው።
አልፎ አልፎ ግን አንድ ቅርፊቱ የቀላ፣
በበጋ ቆዳውን ገፎ የሚጥል ወደ ኋላ፣
ሲነኩት ቀዝቃዛ፣ ከወንዝ የወጣ ገላ።
ነዋፍ በዐረብኛ ስም አለው፤ ነግሮኛል፤
ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፣ ሁልጊዜ ይጠፋኛል።

አባቴ ይስማው አንዴ መጥቶ ነበር፣
ከጽፋት በአውቶቡስ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ በጥር፤
ጭረቱን በዱላው ነካ አድርጎ፣ እኔን ሲያይ፦
«ሰው ዓይን አለው አይደል? ምን ይሠራል ድንጋይ?
እኛ ወደ ሱዳን በሌት ስንወርድ፣
የፊተኛው ተረከዝ እርሱ ነበር መንገድ።
ተረከዙ ሲቆም ቆመናል ሳንናገር፣
ሲጠፋን አቧራውን አሽትተናል እንደ አውሬ ዘር።»
ዝም ብሎ ተቀመጠ። ወይራውን ቆርጥሞ፣
ፍሬውን ተፋና፣ «ቀለሙ ግን» አለ ደግሞ፣
«የሠራው ሰው እጁ አልተንቀጠቀጠም።»
ከዚያ በላይ አባቴ አመስግኖኝ አያውቅም።

ዛሬ ግን ትእዛዙ ከቢሮ ሌላ ነው፦
«ከገደሉ ራስ ያለውን አጥፉት፤ ተንዷል፤ አደጋ ነው።»
ግራጫ ቀለም አለ፣ ድንጋይ የሚመስል፣
ቀቢ ራሱን በራሱ የሚክድበት አመል።
ሰው እንዳይጠፋ ብለን መንገዱን አጠፋን፤
አሥራ አራት ድንጋይ ከላይ እስከ ታች ደፈንን።
አሥራ አምስተኛው ላይ ነዋፍ ሳቀብኝ፦
«ይኼ ያንተ ነው፣ የመጀመሪያው፣ የሰከረው» አለኝ።
እውነትም ጠማማ ነው። ከአረንጓዴው መሃል
ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተያዘ ጉንዳን ዛሬም ይሄዳል።
ብሩሹን አነሣሁ። ደግሞ አወረድሁት።
ነዋፍ ዞር አለልኝ። ከዚያ ቀባሁት።

አዲሱ መንገድ ገና ቀለም አልነካው፤
ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ጭጋግ አስለቀሰው።
ከበሉጡ መካከል አሮጊት ብቅ አለች፣
ባርኔጣዋ ተዘቅዝቆ፣ ካርታ ዘርግታ ይዛለች፦
«አረንጓዴው በዚህ ይወርዳል!
ዚቫ እባላለሁ፤ ሂሳብ አስተምሬያለሁ ሠላሳ ዓመት፤
ካርታ ማንበብ አልስትም» አለች፣ በተቆጣ ፊት።
ነዋፍ ግራጫ እጁን ከኪሱ ከተተው።
«ልክ ነሽ» አልኳት፣ «ነበር። አሁን ግን በግራ ነው።»
«ምልክቱስ?» «ገና ነው።» «ታዲያ ምን ልከተል?»
«ተረከዜን።» ቃሉ ወጣ፣ እኔ ሳላስተውል።

ወረድን በጭጋግ፤ ነዋፍ ከኋላችን።
ከርከሮ ያጠፋነውን መንገድ ይዞ አለፈ ከጎናችን፤
እርሱ ጭረት አያነብ፣ ቢሮም አልጻፈለት።
ስቆም ቆመች። ስሄድ፣ የዱላዋን ኳኳታ ሰማሁት።
ከጅረቱ ስንደርስ፣
«ተረከዝህ» አለች፣ «ነጭ ቀለም አለበት።»

«አውቃለሁ» አልኳት።
አላውቅም ነበር።